ከወገብ በላይ

ሃርድ ዲስክ ሲታመም ድምፅ ያሰማል። ጤነኛው እምብዛም ሳይሰማ ይሽከረከራል፤ የታመመው ግን «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» ይላል፤ ጥቂት ያርፍና እንደገና ይጀምራል። የማንበቢያው ክንድ በሳህኑ ላይ የተጻፈውን መነሻ ምልክት ፈልጎ ሲያጣ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ደግሞ ይሞክራል፤ ደግሞ ያጣል። በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ ከነቀምቴ በአውቶቡስ የተላከችልኝ ጥቁር ሳጥን የምታሰማው ይህንኑ ድምፅ ነበር።

የሳጥኗ አገር ግን ቢላ ነው። ስሙን በአማርኛ ጆሮ የሚሰማ ሰው ስለት ይታየዋል፤ እኔ ግን ስሙ ሲጠራ የሚታየኝ ቀይ አፈርና ለፀሐይ የተሰጣ ቡና ነው። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ተጉዘው፣ ጊምቢን አልፈው በቦጂ ምድር ያገኙታል። አባቴ የተወለደው እዚያ ነው። በአያቶቼ ቤት ሳሎን፣ በመስታወት ተከድነው በጭስ የወየቡ ፎቶግራፎች ተሰቅለው ነበር። አጎቴ ከውጭ አገር ዲጂታል ካሜራ ይዞ ከተመለሰ በኋላ ግን አዲስ ፎቶ ግድግዳ መውጣቱን ተወ። ከሠርጉም፣ ከለቅሶውም፣ ከምርቃቱም የተነሣው ሁሉ ወደዚያች ሳጥን ይገባ ጀመር።

«ለምን ኢንተርኔት ላይ አልተቀመጠም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው የአዲስ አበባ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ ምዕራብ ወለጋን ጨምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ተዘግቶ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ የምንሰማው መንገደኛ ሲመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት፣ ግጭቱ ሲበረታ፣ ቤተሰቡ ቢላን ለቅቆ ነቀምቴ ገባ። የግድግዳዎቹ ፎቶግራፎች አብረው አልወጡም። ሳጥኗን ግን አዳዳዬ (የአባት እኅት በእኛ አገር አዳዳ ናት) በጉያዋ ይዛት ወጣች። ስለዚህ በውስጧ ያለው የቀረን ሁሉ ነበር።

ነቀምቴ ያሉ ልጆች አስቀድመው ሞክረዋታል። አንደኛው ፍሪጅ ውስጥ ትደር አለ። ይህ ምክር በዓለም ዙሪያ የሚናፈስ ነው፤ ነገር ግን ከቅዝቃዜ የወጣ ዕቃ ላብ ያቆራል፤ ሳህኑም እርጥበት ይጠላል። ሌላው ክዳኗን ከፍተን እንያት አለ። የማንበቢያው ራስ በደቂቃ 5400 ጊዜ ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ይህን ክፍተት በሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የአቧራ ቅንጣት ቋጥኝ ነው። አዳዳ የናኖሜትርን ነገር አታውቅም፤ ሁለቱንም ግን ከለከለች። «ሕመሟ ሳይታወቅ አትነካኳት» ብላ ላከችልኝ። ስለ ኮምፒውተር ጥገና ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም የሚሆን ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አሠራሩ የቡና ለቀማን ይመስላል። ለቃሚ በመጀመሪያው ዙር የቀላውን ብቻ ይለቅማል፤ አረንጓዴውን ለሌላ ቀን ይተወዋል። ይህም ፕሮግራም አስቀድሞ በቀላሉ የሚነበበውን ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጣል፤ የታመመ ቦታ ሲያጋጥመው አይታገልም፤ ዘሎ ያልፍና ቦታውን በካርታው ላይ ይመዘግባል። ደህናው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው ወደ ክፉው ስፍራ ተመልሶ ቁራጭ በቁራጭ የሚለምነው። ይህ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው፦ የታመመ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደቀረው አይታወቅም፤ በአንድ የተበላሸ ፎቶ ላይ ሲታገሉ ሺህ ደህና ፎቶ ይዞ ሊሞት ይችላል። ዘጠኝ ቀንና ሌሊት ፈጀ። ማታ ማታ ድምፁን እያዳመጥሁ እተኛ ነበር፤ ድምፁ ሲቋረጥ እነቃለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ አይቢኤም ያወጣው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሃምሳ ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ። ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ የሚያነሣት አንዲት ፎቶ ያን ግዙፍ መሣሪያ ትሞላዋለች። አጎቴ ይህን ብነግረው «ታዲያ ያኔ ማንን ነበር የሚያነሡበት?» አለኝ።

የተገለበጠውን የማጣራቱን ሥራ የያዘው ፎቶሬክ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። የማኅደሮችን ስም አይፈልግም፤ ማውጫውንም አያነብም። የሚፈልገው የአጀማመር ምልክትን ነው። የጄፔግ ፎቶ ሁሉ በታወቀ ምልክት ይጀምራል፤ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ለማስረዳት ያህል፣ «ከዕለታት አንድ ቀን» እንደማለት ነው። ማብቂያውም እንደ «ተረቴን መልሱ» የታወቀ ነው። ፎቶሬክ በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ ውስጥ እየዞረ «ከዕለታት አንድ ቀን» የሚል በሰማ ቁጥር ቆሞ ያዳምጣል። ተረቱ መሐል ላይ ቢቆረጥም የሰማውን ያህል ይዞ ይመጣል።

እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ብዙ ነበሩ። የአጎቴ ካሜራ ፎቶውን የሚያስቀምጠው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ የተቆረጠው ፎቶ የላይኛው ክፍል ደህና ነው፤ ከታች ግራጫ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤተሰብ የተረፈው በአመዛኙ ከወገብ በላይ ነው። አያቴ ቡና ስታፈላ ፊቷና ሻሿ አሉ፤ ጀበናው የለም። ሙሽሮች ኬክ ሊቆርሱ ጎንበስ ብለዋል፤ ኬኩ የለም። በአንድ ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ ወደ ታች ያያል፤ የሚያዩት ነገር ግራጫ ሆኗል። የቢላ ሰማይ፣ የቆርቆሮ ጣራዎችና የባሕር ዛፍ ጫፎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ተርፈዋል።

አባቴ በፎቶ አይስቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠዋት፣ አጎቴ ሳያስበው አንሥቶታል። ያንን ፎቶ ስፈልግ ሰነበትሁ። ቀኑን አውቀው ስለነበር በየፎቶው ውስጥ ካሜራው በጻፈው ቀን ፈለግሁት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 12/09/2007 ማለት ነው። የማኅደር ስም ቢጠፋም ያ ቀን ፎቶው ውስጥ ስለሚቀመጥ አብሮ ይተርፋል። አገኘሁት። ሙሉ ለሙሉ ግራጫ ነበር። ነገር ግን ካሜራዎች ከትልቁ ፎቶ ፊት፣ እዚያው ፋይል መግቢያ ላይ፣ ትንሽ ቅጂ ያስቀምጣሉ፤ ወርዱ 160፣ ቁመቱ 120 ነጥብ ብቻ የሆነች። መግቢያው ተርፎ ነበር። ቅጂዋን ለብቻዋ አወጣኋት። ከቴምብር ብዙ አትበልጥም፤ ሳጎላት ወደ ካሬዎች ትበተናለች፤ ሳሳንሳት አባቴ ይስቃል። እናቴ አሳትመህ ስጠኝ አለችኝ። በትልቁ እንደማይሆን ነገርኋት። «በትንሹ ስጠኝ» አለች።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ ማሽን የሚሠራው አይደለም። አጎቴ በየማኅደሩ ላይ የማን ሠርግ፣ የማን ክርስትና እንደሆነ ጽፎ ነበር፤ ያ ሁሉ ጠፍቶ ፎቶዎቹ በቁጥር ብቻ ተሰይመው ወጡ። አጎቴም የራሱን ዘመዶች እንጂ የየሠርጉን እንግዳ አያስታውስም። የምታስታውሰው አዳዳ ናት። ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ የልጅ ልጇ ስልኩን ይዛላት፣ ዓይኗን እያጠበበች ትመለከታለች። ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነው፤ አጉሉልኝ ትላለች። ሰዎችን የምትለይበት መንገድ ይገርመኛል፤ በፊታቸው አይደለም። «ይህ አጥር የእነማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህች ልጅ ታናሽየዋ ናት» ትላለች። አንዳንዱን «ሞቷል» ብላ ታልፈዋለች፤ ስሙን እንድትነግረኝ መልሼ መጠየቅ አለብኝ።

በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ የድሮ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው የሰበሰበ። ባለፎቶዎቹ በሕይወት ሳሉ መጠየቃቸው ከፎቶዎቹ ይልቅ አስቀንቶኛል። ለቢላ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላውቅም። እኔ ያለኝ አንድ ደብተር ነው፤ በግራ ቁጥር፣ በቀኝ አዳዳ ያለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሰዎች ቡና አልጋ አጠገብ የቆሙበትን ላክሁላት። አምስቱን ጠራቻቸው። በዳር ያለውን፣ ከደረቱ በታች ግራጫ የሆነውን ጎረምሳ ግን ደጋግማ አይታ ራሷን ነቀነቀች። ጊምቢ ያለች የቀድሞ ጎረቤቷ ታውቀው ይሆናል አለች። ፎቶውን ዛሬ ጠዋት ልኬላታለሁ፤ ገና አልተከፈተም።