ጭንቅ ውስጥ የገባ የካንሰር ሴል

ከአርሲ ጮሌ ዘመድ ታሞ አዲስ አበባ ሲመጣ የምርመራ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ እኔ ጋ ይደርሳል። ሐኪም አይደለሁም፤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቢሆንም «አንተ ታነበዋለህ» ይሉኛል። የጡት ካንሰር ከሆነ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግርጌው ላይ ነው፦ ኤስትሮጅን ሪሴፕተር፣ ፕሮጄስትሮን ሪሴፕተር፣ ሄር 2፤ ከጎናቸው ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ። የሚታዘዘው መድኃኒት በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሦስት መስመሮች ነው። እኛ ደግሞ እንደ ደም ዓይነት አንዴ ከታወቁ የማይለወጡ አድርገን እናያቸዋለን። አይደሉም። ሴሉ ሲጨንቀው ሪሴፕተሮቹን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ መልሶ ያወጣል። ይህን ማወቅ ደግሞ ለተመራማሪ ብቻ የሚተው ነገር አይመስለኝም።

ሪሴፕተር ማለት ሴል ከውጭ የሚላክለትን መልእክት የሚቀበልበት ፕሮቲን ነው። ስታንሊ ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ንጥረ ነገር ገና ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ሲወጋቸው ዓይናቸውን ከጊዜው ቀድመው ገለጡ፤ ጥርሳቸውም ቀድሞ በቀለ። ንጥረ ነገሩ ሴል እንዲያድግና እንዲባዛ የሚያዝ መልእክት ነበር። ኮኸን በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸለመበት። መልእክቱን የሚቀበለው ሴሉ ገጽ ላይ ያለው ሪሴፕተር ኢጂኤፍአር ይባላል፤ ሄር 2 የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ጤነኛ የጡት ሴል 20 ሺህ ገደማ ሄር 2 ሲኖረው፣ የሄር 2 ጂን የተባዛበት የካንሰር ሴል ላይ ግን ቁጥሩ እስከ 2 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ኤስትሮጅን ሪሴፕተር ለየት ይላል፤ በአብዛኛው የሚገኘው ገጹ ላይ ሳይሆን ኒውክለሱ ውስጥ ነው።

ጤነኛ ሴል መልእክቱን ከተቀበለ በኋላ ሪሴፕተሩን ከነመልእክቱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከዚያ ወይ መልሶ ወደ ገጹ ይልከዋል፣ ወይ ለመፍረስ ምልክት አድርጎበት ላይሶዞም በሚባለው የሴሉ መፍጫ ክፍል ውስጥ ይፈጨዋል። ዕድገት ልክ የሚኖረው በዚህ ነው። ካንሰር ይህን ሥርዓት ያበላሻል፤ ጭንቅ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ያበላሸዋል።

ለካንሰር ሴል የመጀመሪያው ጭንቅ የኦክስጅን እጥረት ነው። ዕጢው ከደም ሥሮቹ ፈጥኖ ስለሚያድግ ከደም ሥር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ርቆ የሚገኝ ሴል ኦክስጅን ያጥረዋል። (ደጋ ላይ ያለ አየር ስስ ነውና ጮሌ ላይ ካንሰር ይብሳል ማለት ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አይደለም፤ የምናወራው ዕጢው ውስጥ ስላለው እጥረት ነው፤ ባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው ዕጢም ይኸው ያጋጥመዋል።) እጥረቱ ሲመጣ ሂፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይነሳሉ። ሴል የኦክስጅን መጠንን እንዴት እንደሚያውቅ ያሳዩት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው። ሂፍ ሲነሳ ሴሉ ኢጂኤፍአርን አብዝቶ ያመርታል፤ ወደ ውስጥ የገባውንም ቶሎ አይፈጨውም። ስለዚህ ሪሴፕተሩ ከተገቢው በላይ «እደግ» እያለ ይቆያል። በዚያው እጥረት ውስጥ ኤስትሮጅን ሪሴፕተር ሲቀንስ በላቦራቶሪ ታይቷል። አንዱ ዕጢ ውስጥ፣ ደም ሥር አጠገብ ያለው ሴልና መሃል ላይ ያለው ሴል የተለያየ መልክ ሊይዙ ይችላሉ ማለት ነው።

ሕክምናም ለሴሉ ጭንቅ ነው። ጨረር ወይም ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ሲያገኘው ምንም መልእክት ሳይደርሰው ኢጂኤፍአርን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ውስጥም ሳይፈጭ አቆይቶ ለመትረፍ ይጠቀምበታል። እኔን በጣም ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነው። ከሪሴፕተሩ በታች ያለውን የመልእክት መስመር በመድኃኒት ሲዘጉት ሴሉ መዘጋቱን ያውቃል። ፎክሶ የሚባሉ ፕሮቲኖች ወደ ኒውክለስ ይገቡና ሄር 3 እና የኢንሱሊን ሪሴፕተር በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋሉ። በ2011 የታተመ የኒውዮርክ ተመራማሪዎች ሥራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ሴሉም በመሥራቱ ምክንያት ሌላ መስመር ከፍቷል። ዛሬ ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠት ከተለመደበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

አርሲ ላይ ስንዴ የዘራ ሰው ይህ አይገርመውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲመታ ብዙው ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ባሌና አርሲ ገብቶ ዲገሉን አወደመው፤ ጨርሶ ምርት ያልተሰበሰበበት ማሳ ነበር። የካንሰሩ የሚከፋው ዋጉ አዲስ ዝርያ ይዞ መምጣት ሲኖርበት፣ ሴሉ ጂኑን ሳይለውጥ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ራሱን ማስተካከል መቻሉ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጀርመን ሃሌ ተመራማሪዎች የሠሩት ጥናት ኤስትሮጅን ሪሴፕተር የሌለው የጡት ካንሰር 35 በመቶ መሆኑን አሳየ። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ሦስቱም መስመሮች ኔጌቲቭ የሆኑባቸውን ሴቶች ሲያወዳድር ጋና ላይ 53 በመቶ፣ ኢትዮጵያ ላይ 15 በመቶ አገኘ። ይህ ትልቅ ዜና ነው። በጡት ካንሰር የተያዘችውን አብዛኛዋን የእኛ ሴት፣ በኤስትሮጅን ሪሴፕተር በኩል የሚሠራው ታሞክሲፌን ሊረዳት ይችላል ማለት ነው፤ ታሞክሲፌን ደግሞ ርካሽ ነው፣ በአፍ የሚወሰድ ክኒን ነው፣ ጮሌ ተቀምጦም ይወሰዳል። ስለዚህ በስህተት «ኔጌቲቭ» የተባለች አንዲት ሴት ብዙ ነገር ታጣለች።

ስህተቱ ደግሞ ሊመጣ የሚችለው ናሙናው ከሚቀመጥባት ብልቃጥ ነው። የአክስቴን ናሙና ከአንድ ክሊኒክ ተቀብዬ ወደ ላቦራቶሪ ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። ብልቃጧ ትንሽ ናት፤ ክዳኗ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ የአክስቴ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ለጥቂት ነው የሸፈነው። ቀን ተጽፏል፤ ሰዓት የለም። ውጤቱ ሦስቱም ኔጌቲቭ ሆኖ ሲመጣ ፓቶሎጂስቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መቼ ነው የወጣው? ፎርማሊን ውስጥ የገባውስ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ነው። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ቀዶ ሕክምና ስትደረግ የወጣው ሥጋ በወጉ ተይዞ በድጋሚ ተመረመረ፤ ኤስትሮጅን ሪሴፕተር ፖዘቲቭ ሆነ። አክስቴ አሁን ታሞክሲፌን ላይ ናት።

ከሰውነት የወጣ ሥጋ ደሙ ተቋርጧል፤ ሴሎቹ ግን ወዲያው አይሞቱም። ኦክስጅን አጥተው ይጨነቃሉ፣ ፕሮቲኖቻቸውም መፍረስ ይጀምራሉ። ፎርማሊን ይህን ያቆመዋል፤ ቶሎ ከደረሰ። የአሜሪካ ካንሰር ሐኪሞችና ፓቶሎጂስቶች መመሪያ ሥጋው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓትም እንዲቆይ ይላል። የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ቢሆን ይመከራል። ትልቅ ሥጋ ከሆነ ሳይቆራረጥ ባልዲ ውስጥ መጣል አይበቃም፤ ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚዘልቀው፣ መሃሉ ሳይደርሰው ይበሰብሳል። ከአፍሪካ የወጡ አንዳንድ የቀድሞ ጥናቶች ላይ የታየው ከፍተኛ የኔጌቲቭ ቁጥር በከፊል ከናሙና አያያዝ ሊሆን ይችላል ብለው ባለሙያዎች የተከራከሩት ለዚህ ነው።

ከጮሌ፣ ከአሰላ፣ ከየትም ሆናችሁ ዘመድ የምታስታምሙ፦ ናሙና ሲወሰድ ሥጋው የወጣበትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት ብልቃጡ ላይ እንዲጻፍ በትሕትና ጠይቁ፤ ጠያቂ መሆን ነውር አይደለም። በሽታው ከዓመታት በኋላ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ተመልሶ ከታየም፣ የድሮውን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሐኪሙ ከቻለ ከአዲሱ ቦታ ናሙና ወስዶ ሦስቱን መስመሮች እንደገና ያስመርምር። እነዚያ ሴሎች ታሞክሲፌኑንም ኬሞውንም አልፈው የመጡ ናቸው፤ የዛሬ ሪሴፕተራቸው ከድሮው የተለየ ሊሆን ይችላል።