አሮጌው ቀስትና አዲሱ ቀስት

አሮጌ ነገር ኹሉ ደግ፥ አዲስ ነገር ኹሉ ከንቱ የሚመስላቸው ሽማግሌዎች አሉ። የአባቶቻቸው ዕቃ የሚያሳፍራቸው ወጣቶችም አሉ። በዚህ ዘመን ግን ሦስተኛ ዓይነት ሰው ተነሥቷል፤ እርሱም አሮጌውን የሚወደው ሊሠራበት ሳይሆን ለሌላው ሊያሳየው ነው። ወጣት አንባቢዬ፥ ይህን ያሳሰበኝ የአንድ ቀስት ምርጫ ስለ ሆነ ነገሩን እንደ ሆነው ልንገርህ።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ከልጄ ቤት እኖራለሁ። የ16 ዓመት የልጅ ልጄ በቀስት ዒላማ መምታት ተምሮ፥ በመጸው ወራት አጋዘን ለማደን ተመኘ። የሰው ግቢ ሣር እያጨደ ያጠራቀመው ገንዘብ ለአንድ ቀስት ብቻ ይበቃ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ በ1960ዎቹ የተሠራ ኮዲያክ የሚባል፥ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙ ቀስት ሊሸጡለት ፈቀዱ። በሱቅ ደግሞ ያው ድርጅት በቀድሞው መልክና በቀድሞው ስም ዛሬ የሚሠራው አዲስ ቀስት ነበረ።

የድርጅቱ መሥራች ፍሬድ ቤር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ተወልዶ በ1988 የሞተ የታወቀ ቀስተኛ ነው። በሚሺጋን በግሬይሊንግ ከተማ በነበረው ፋብሪካው ስስ እንጨትና ፋይበርግላስ በሙጫ እየተጣበቀ ብዙ ቀስት ተሠርቷል፤ ፋብሪካው በ1978 ወደ ፍሎሪዳ ተዛወረ። በ1960ዎቹ ቀስቶች እጀታ ላይ ሳንቲም የሚመስል ክብ ብረት ከእንጨቱ እኩል ተለብጦ ይገኛል። የልጁን ልብ የወሰደው ይኸው ብረት ነበረ።

«አባባ፥ እውነተኛው ይህ ነው፤ የሱቁ ቅጂ ነው» አለኝ።

«ለማን ነው እውነተኛ የሚሆነው? ለአጋዘኑ ነው ወይስ ለጓደኞችህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ።

እኔ ራሴ አሮጌውን ቀስት አልናቅሁትም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ተስቦ ክንፎቹ ሳይጣመሙ የቆየ ቀስት፥ አዲሱ ገና ያልተቀመጠበትን ፈተና ያለፈ ነው። ነገር ግን ማለፉን በስሙ ሳይሆን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተማሩን መምህር፥ ሳንቃ ሲገዙ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩት ነበረ። ሻጩ ስለ ዛፉ የሚያወራውን አይሰሙም። ቀስትም እንደዚሁ ነው። አውታሩን አግብቶ በቁመቱ ሲያዩት አውታሩ በክንፎቹ መካከል ሊያልፍ ይገባዋል፤ ወደ ጎን ከሸሸ ክንፉ ተጣሟል። ጥጥ ይዞ የክንፉን ጠርዝ ቢያሹት፥ ጥጡ የሚይዝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። በበጋ በተዘጋ መኪና ውስጥ የከረመ ቀስት ሙጫው ሊላቀቅ ይችላል። እግርን በመኻል አሳልፈው አውታር የሚያገቡ ሰዎችም ብዙ መልካም ቀስት አጣመዋል፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ገመድ አለ። ያለ ፍላጻ ስቦ መልቀቅማ ለአሮጌውም ለአዲሱም ሞት ነው።

የሽማግሌው ቀስት ይህን ኹሉ አለፈ፤ ቀጥ ያለና ንጹሕ ነበረ። ጥንቃቄ የሚሻው በአውታሩ ብቻ ነው፤ የዚያ ዘመን ቀስት ትንሽ የሚለጠጥ የዳክሮን አውታር ይፈልጋል። በዛሬው የማይለጠጥ ጠንካራ ክር ቢወጠር ግን የክንፉ ጫፍ ሊሰበር ይችላል። አዲሱ ጫፎቹ ስለ ተጠናከሩ ያን ክር ይችለዋል።

እንግዲህ የቀረው ክብደቱ ነው። በአሮጌው ቀስት ላይ 50 ፓውንድ ተጽፏል፤ ይኸውም አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ የሚጠይቀው ኃይል ነው። ልጁ ሳበና «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» ብዬ ሳልጨርስ ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው አይተው ፊታቸውን ወደ አትክልታቸው መለሱ፤ ስላላሳፈሩት በልቤ አመሰገንኋቸው። የሚኒሶታ ሕግ ለአጋዘን የሚጠይቀው 30 ፓውንድ ብቻ ነው። በሚንቀጠቀጥ ክንድ የተለቀቀ ፍላጻ ግን ልብን ስቶ ሆድን ይወጋል፤ አጋዘኑም ቆስሎ ዱር ይገባና ሌሊቱን ሙሉ ሲያጣጥር ያድራል። የብረቱን ሳንቲም ዋጋ የሚከፍለው እንግዲህ ማን ነው? ይህን ስነግረው ልጁ ተቈጣ። «ክንዴ ይለምዳል» አለ። እውነት ነው፥ ይለምዳል፤ ነገር ግን አደኑ የቀረው ሁለት ወር ነበረ። «ገንዘቡ የላብህ ነው፤ አልከለክልህም» ብዬ ተውሁት።

ሦስት ቀን አኵርፎ ከረመ። በአራተኛው ቀን ሄዶ አዲሱን ባለ 40 ፓውንዱን ገዛ። ለእኔ ከዚህም ቢያንስ ደስ ይለኝ ነበረ። ይሁን እንጂ ያን ቀስት ስቦ እስከ ዐሥር ሲቈጥር ፍላጻው አይነቃነቅም ነበረ፤ በየማታው ትምህርቱን ጨርሶ በጓሮ ይለማመድበት ጀመረ። ሽማግሌው የራሳቸውን ለሌላ አልሸጡም።

በዚያ ዓመት አጋዘን አልገደለም። አንድ ቀን ማለዳ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን 40 እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞለት ነበረ፤ ልጁ ቀስቱን ስቦ ለካና ሩቅ ነው ብሎ መልሶ አረገበው። ማታ ሾርባ እየጠጣ ይህን ኹሉ ሲያወራኝ፥ አጋዘኑ ጆሮውን እንዴት እንዳቆመና እንዴት ቀስ ብሎ ወደ ዛፎቹ እንደ ገባ ነገረኝ እንጂ ስለ ቀስቱ አንድ ቃል እንኳ አላነሣም።