«ለምን አንተን?» የሚለውን ጥያቄ ሳንጠይቅ የጻፍነው ደብዳቤ

ይህ ጽሑፍ ስለራሳችን ስህተት ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ወንድማችን «ጻፉት፣ ሌላው ይጠቀምበት» ብሎ ፈቅዶልናል። ስሙንና የመጣበትን አካባቢ ግን ትተነዋል።

እዚህ ሜሪላንድ የጥገኝነት ኬዝ ያለው ሰው ከመስጂዳችን ደብዳቤ ይጠይቃል። እኛ እንጽፋለን፣ ኢማማችን ይፈርማሉ። ወንድማችን የመጣው አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ነበር። አባቱ ነጋዴ ናቸው። መንገድ ላይ ታግተው ቤተሰቡ ተበድሮ አስለቀቃቸው። የእገታን ነገር ለእናንተ ማስረዳት አያሻም፤ በ2016 ዓ.ል. ክረምት መግቢያ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱትን ተማሪዎች ወሬ ያልሰማ የለም። አባትየው ከተለቀቁ በኋላ አጋቾቹ ደውለው «ቀጣዩ ልጅህ ነው» አሏቸው። ልጁ ከሀገር ወጣ።

እኛም አዘንን፤ ቸኮልንም። «ገንዘብ ፈላጊ ሽፍቶች አባቱን አግተዋል፤ እርሱንም ለገንዘብ ሲሉ ይፈልጉታል» ብለን ጻፍን። ልብ የሚነካ ደብዳቤ የጻፍን መስሎን ነበር።

የኢሚግሬሽን ዳኛው አመኑት። ይህን ልብ በሉ፤ ዋሸህ አላሉትም። መታገቱንም ዛቻውንም ተቀብለው ጥገኝነቱን ከለከሉት። ምክንያታቸው ይህ ወንጀል እንጂ ሕጉ የሚያውቀው ስደት አይደለም የሚል ነው። ከጠቀሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የእኛው ደብዳቤ ነበር፤ መስጂዱ ራሱ ዓላማው ገንዘብ እንደሆነ ጽፏል ተባለ። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱም ውሳኔውን አጸናው። ወንድማችን ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አንድም ቃል አልወቀሰንም። ቢወቅሰን ይቀለን ነበር።

ከጠበቃው ጋር ተቀምጠን የተማርነው እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕግ ጥገኝነት የሚሰጠው በአምስት ምክንያቶች ነው፦ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን። ፍርሃቱ እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከአምስቱ አንዱ ቢያንስ አንድ ዋና ምክንያት መሆኑ መታየት አለበት። ሌባ ሁሉንም ይዘርፋል፤ ሕጉ የሚጠይቀው «ለምን አንተን?» ብሎ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የጃዕፈርን (ረ.ዐ) ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ነጃሺ ፊት በቀረቡ ጊዜ ጃዕፈር ተበደልን፣ ተደበደብን ብሎ ብቻ አላበቃም። ጣዖትን ትተን አንድ አላህን በማምለካችን ነው ብሎ የበደሉን ምክንያት አስረዳ። ነጃሺም ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ፈረደ። ታሪኩን በየዓመቱ ለልጆች እያስተማርን፣ ቢሯችን ለመጣው ወንድም ግን ያንን ጥያቄ አላነሳንለትም።

ከቦርዱ በኋላ ያለው በር የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰው ይህ ሪችመንድ የሚቀመጠው 4ኛው ሰርኪት ነው። ጊዜው ከቦርዱ ውሳኔ ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው። አቤቱታ ማስገባት በራሱ መባረርን አያስቆምም፤ እግዱ ለብቻው ይጠየቃል። (ይህን ባለማወቅ የተጎዳ ሰው እናውቃለን።)

ብዙዎቻችን እዚያ እንደ አዲስ የምንሰማ ይመስለናል። አይደለም። ዳኞቹ የሚያዩት ቀድሞ የተዘጋውን ፋይል ነው። በፍሬ ነገሩ ላይ «እኛ ብንሆን ምን እንወስን ነበር?» ብለው አይጠይቁም፤ ማንኛውም ሚዛናዊ ዳኛ ወደ ተቃራኒው መደምደሚያ ለመድረስ ይገደድ ነበር ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። መድረሳ የተማረ ሰው ይህ አይከብደውም፤ የአንድ ቃዲ ኢጅቲሃድ በሌላ ኢጅቲሃድ አይፈርስም፣ ግልጽ ማስረጃን ሲጻረር ካልሆነ በቀር፤ ወደዚያ ይቀርባል። የሕግ ስህተትን ግን ከእንደገና ይመረምራሉ።

በሩ ጠባብ ነው እንጂ ዝግ አይደለም። ይኸው ፍርድ ቤት በ2015 (እ.ኤ.አ.) የአንዲት ኤልሳልቫዶራዊት እናት ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። የወሮበላ ቡድን ልጇን ሊመለምል ሲል እምቢ በማለቷ ሊገድላት ዛተ። ቦርዱ ዛቻው እናት ስለሆነች ሳይሆን ስለከለከለች ነው አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ሌላ ሰው ሳይሆን እርሷ የተዛተባት በልጁ ላይ ሥልጣን ያላት እናቱ በመሆኗ ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ቤተሰብ በዚያ ፍርድ ቤት እንደ ማኅበራዊ ቡድን ይቆጠራል። የወንድማችን ጠበቃ የተከራከረውም በዚህ መንገድ ነው፤ «ቀጣዩ ልጅህ ነው» የሚለው ስልክ ስለ ገንዘብ ብቻ አይናገርም። በተቃራኒው ደግሞ የእኛ ደብዳቤ አለ።

ሌላ ደብዳቤ ጽፈን ልናስተካክል ሮጠን ነበር። አባትየውን በስልክ አግኝተን የአጋቾቹን ቃል በዝርዝር ሰማን። ጠበቃው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ መጀመሪያ ዳኛው ፊት ነበር መቅረብ የነበረበት» አለን። ፍርድ ቤቱ ከፋይሉ ውጭ ያለ ወረቀት አይቀበልም።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ፖለቲካ ጨምሩበት» አሉን። አዑዙ ቢላህ! እያወቀ የፈጠራ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ለዘለቄታው ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ሊታገድ ይችላል። የዱንያው ቅጣት ባይኖርስ? በሐሰት መመስከር ከከባባድ ወንጀሎች የሚቆጠር አይደለም ወይ? የእኛ ጥፋት መዋሸት አልነበረም፤ እውነቱን በግማሽ፣ ያውም በማናውቀው ጉዳይ ላይ መጻፋችን ነው። የአጋቾቹን ልብ እኛ በምን አውቀን ነው «ለገንዘብ» ብለን የፈረድነው?

ፋይሉ አሁን ሪችመንድ ነው፤ ውሳኔ አልመጣም። ወንድማችን ፈጅር አያመልጠውም፤ ሰፍ ላይ ከጎናችን ይቆማል።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤ የምትፈልጉ ሁሉ ቅዳሜ ከዐስር እስከ መግሪብ ቢሮ ኑ። ለፍርድ ቤት ያስገባችሁትን ቃል ኮፒ ይዛችሁ፣ ጠበቃችሁን አማክራችሁ ኑ። እኛ የምንጽፈው በዓይናችን ያየነውን ብቻ ነው፦ ከመቼ ጀምሮ እንደምናውቃችሁ፣ እዚህ እንደምትሰግዱ፣ ስትቸገሩ ያየነውን። ሀገር ቤት የሆነውን እዚያ የነበረ ሰው ይጻፍ፤ አባት፣ እናት፣ ጎረቤት፣ የሰሙትን ቃል እንደሰሙት። ስልክ ለመደወል፣ ለመተርጎምና አጠገባችሁ ለመቀመጥ ዝግጁ ነን። ለወንድማችንም ዱዓ አድርጉለት።