ወንበሩን ባዶ ያደረገው ማን ነው?

ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ባሕረ ሰላጤውን የተሻገረና ኦክላንድ የገባ አበሻ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቴሌግራፍ ጎዳና ነው። የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች የበዙበት ይህ መንገድ ለአብዛኛው አንባቢ አዲስ አይደለም። ከዚያው ሠፈር፣ ከማክአርተር ጣቢያ፣ ባርት የሚሉትን ባቡር ይዞ አምስት ፌርማታ ወደ ደቡብ የወረደ ግን አንድ ትልቅ ክብ ኮንክሪት ፊት ለፊት ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተው ኮሊሲየም ስታዲየም ነው።

ከጣቢያው ወደ ስታዲየሙ የሚያሻግር ረጅም የእግረኛ ድልድይ አለ። በጨዋታ ቀን ግራና ቀኙ ገበያ ነበር፤ ቋሊማ በሽንኩርት የሚጠብስ፣ ውኃ የሚሸጥ፣ ቲኬት የሚያሻሽጥ። ውስጥ ደግሞ የቀኙ ሜዳ ርካሽ መቀመጫ ከበሮ የሚደለቅበት፣ ባንዲራ የሚውለበለብበት ነበር። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጦ የጮኸ ሰው እዚያ ባይተዋርነት አይሰማውም።

እኔ ቤዝቦልን የለመድኩት በሬዲዮ ነው። አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ዲግሪ ይዣለሁ። ስደቱ ግን መጀመሪያ ያስቀመጠኝ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ነው። የማታ ተረኛ ሆኜ፣ ዘጠኙን ዙር በሙሉ በትዕግሥት ከሚተርክ ድምፅ የተሻለ ጓደኛ አላገኘሁም። ቡድኔም በዚያው አትሌቲክስ ሆነ። በ1968 ከካንሳስ ሲቲ ወደ ኦክላንድ የመጣው ይህ ቡድን በ1972፣ በ1973፣ በ1974 እና በ1989 ሻምፒዮን ሆኗል። በ2023 ደግሞ 50 ጊዜ አሸንፎ 112 ጊዜ ተሸነፈ።

ሽንፈትስ የስፖርት ወጉ ነው፤ ይቻላል። ያንገበገበኝ የስፖርት ጋዜጠኞቹ ነገር ነው። በዚያ ዓመት አገር አቀፉ ቴሌቪዥን ስለ ኦክላንድ በተናገረ ቁጥር ካሜራው ባዶ ወንበር ላይ ይውላል። ቀጥሎ የፍሳሹ ቱቦ ይመጣል፤ ቀጥሎ በእንግዳ ቡድን አስተላላፊዎች ክፍል ውስጥ የገባችው ፖሰም የምትባል አውሬ ትመጣለች። ሳቅ ይሆናል። መደምደሚያውም ያው ነው፦ “ሕዝቡ አይመጣም፤ ከተማዋ ቡድን አይገባትም።”

ወንበሩ ባዶ መሆኑ ውሸት አይደለም። ስታዲየሙ ማርጀቱም እውነት ነው። ነገር ግን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት ብሎ “ለምን” ሳይል የሚቆም ዘገባ በእኛ ዘመን ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

እስቲ “ለምን” እንበል። በ2014 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ወደዚሁ አሮጌ ስታዲየም ገብቷል። በ2019 ቡድኑ 97 ጨዋታ ሲያሸንፍ ከአንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ በላይ ተመልካች ነበረው። ቱቦው ያን ጊዜም ያፈስስ ነበር። በመጋቢት 2022 ግን በአምስት ቀን ውስጥ ባሲት፣ ኦልሰንና ቻፕማን የተባሉት ምርጥ ተጫዋቾች ለሌሎች ቡድኖች ተሰጡ። የደመወዝ ወጪው ከሊጉ ዝቅተኞች ተርታ ወረደ፤ የወቅት ቲኬት ዋጋ ደግሞ ሽቅብ ወጣ። የዚያ ዓመት ተመልካች ከስምንት መቶ ሺህ በታች ሆነ። ሰዉ ቡድኑን አልጣለም፤ የሚወደውን ነቅለው ወስደው ባዶውን በውድ ዋጋ ሸጡለት። ይህን በቁጥር እያስደገፉ የጻፉ የአካባቢው ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

ደጋፊው ራሱ መልስ ለመስጠት ተነሳ። ሰኔ 13 ቀን 2023 ማክሰኞ ማታ ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ባለንብረቱ ጆን ፊሸር ቡድኑን እንዲሸጥ የሚጠይቅ አረንጓዴ ካናቴራ በነጻ ታደለ። 27,759 ሰው ገባ። በአምስተኛው ዙር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ትንፋሽ እንኳ የሚሰማ አይመስልም ነበር። ከዚያ “ሽጥ!” የሚለው ጩኸት ኮንክሪቱን አናወጠው። ቡድኑም ታምፓ ቤይን 2 ለ 1 ረታ። በዚያችው ዕለት የኔቫዳ ሴኔት ለላስ ቬጋስ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ የሚፈቅደውን ሕግ አሳለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ የሊጉ ኮሚሽነር ስለዚያ ሕዝብ ሲጠየቁ፣ ለአንድ ምሽት ወደ አማካይ የተጠጋ ተመልካች ማየት ጥሩ ነው ብለው አለፉት። በኅዳር ወር ሠላሳዎቹ ባለንብረቶች አንድም ተቃውሞ ሳይኖር ስደቱን አጸደቁ።

መስከረም 26 ቀን 2024 የመጨረሻው ጨዋታ ሆነ። 46,889 ሰው ገባ፤ ቴክሳስ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ያን ቀን ካሜራዎቹ ሁሉ መጡ። የሚያለቅሱ ሽማግሌዎችን፣ ከሜዳው አፈር በብልቃጥ የሚዘግኑ ልጆችን አሳዩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ይህ ለእኛ ለምን ይገደናል የሚል ይኖራል። ረሃብን ከጨዋታ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ነገር ግን በ1984 የኮረም ረሃብተኛ በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ ስለ ድርቁ ብዙ፣ ስለ ጦርነቱ ትንሽ እንደ ተወራ እናስታውሳለን። ምስል ብቻውን ሲቀርብ ጥፋተኛው ከምስሉ ውጭ ይቀራል፤ ወቀሳው በምስሉ ውስጥ በሚታየው ሰው ላይ ይወድቃል። ይህን ከእኛ የተሻለ ማን ያውቃል?

ቡድኑ በ2025 ሳክራሜንቶ አጠገብ፣ 14 ሺህ ያህል ሰው በሚይዝ አነስተኛ ሜዳ መጫወት ጀመረ፤ በስሙ ላይ ምንም ከተማ ሳይጨምር። በ2028 ላስ ቬጋስ እገባለሁ ይላል። ኦክላንድ ብቅ የምትሉ አንባብያን ግን ጨዋታ አታጡም። በምዕራብ ኦክላንድ፣ በሬይሞንዲ ፓርክ፣ ደጋፊዎች አክሲዮን የገዙበት ቦለርስ የሚባል ትንሽ ቡድን በ2024 ተጀምሮ በ2025 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከበሮው ከኮሊሲየም ወደዚያ ዞሯል።