የጓሯችን ጤና አዳም

ጤና አዳምን በዓይኔ ከመለየቴ በፊት በጠረኑ ነው ያወቅሁት። ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ቤት፣ በጓሮ በር ወጣ ሲባል የዕቃ እጣቢ ከሚደፋበት ጥግ አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ ነበር። ልብሱ የነካው ሰው ጠረኑን እስከ ማታ ይዞት ይዞራል። ዶሮዎቹ ጎመኑን ጭረው ሲጨርሱት እሱን አይቀርቡትም። በጋው በርትቶ ግቢው ሁሉ ሲደርቅ እሱ አመድማ አረንጓዴውን ቅጠሉን ይዞ ይቆማል።

አበባው ትንሽ ነው፤ ቢጫ። ያኔ ቁመቴ ከቁጥቋጦው ብዙም አይበልጥም ነበርና አዋቂዎቹ ያላዩትን አይ ነበር። የአበባው ቅጠሎች ጠርዝ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተበተነ ነው። በዘለላው መካከል ቀድማ የምትፈነዳው አበባ አምስት ቅጠል አላት፤ ከእሷ በኋላ የሚፈኩት ግን አራት አራት ናቸው። ይህን ለአያቴ ስነግራት ሥራዋን ትታ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ቆጠረችና «እውነትህን ነው፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀጥፈው የኖረችውን ተክል እኔ አሳየኋት! የዚያን ቀን ኩራቴ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ቡና ሲፈላ ቀንበጥ ለማምጣት የምላከው እኔ ነበርኩ። «ከጫፉ ቅጠፍ፤ ግንዱን እንዳትሰብረው» ትለኛለች። አቦሉ ሲቀዳ በየሲኒው አንዳንድ ቀንበጥ ይገባል፤ ትኩሱ ቡና ሲነካው የሚወጣውን ጠረን የሚያውቅ ያውቀዋል። አይብ ሲወጣም ቅጠሉ ተከትፎ ይገባበታል። ፍሬው ደግሞ በአራት ክፍል የተከፈለች ትንሽ እንክብል ናት፤ ደርቃ ለበርበሬ ትቀመጣለች፣ ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር።

ሆዴን ሲቆርጠኝም ያው ቁጥቋጦ ነው የሚታሰበው። ቅጠሉ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይወቀጣል፣ ቁንጥር ጨው ይጨመርበታል፣ በውሃ ተበጥብጦ ይሰጠኛል። ምሬቱ ዓይን ያስጨፍናል። «እማማ፣ በቃኝ» ብል አይሰማም። ካደግሁ በኋላ ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዘመን የጻፈውን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ። የጳንጦስ ንጉሥ ሚትሪዳጥስ መርዝን ለመከላከል ይወስደው ነበር የተባለው መድኃኒት 2 የደረቀ ዋልነት፣ 2 በለስ፣ 20 የጤና አዳም ቅጠልና ቁንጥር ጨው ነበር። ንጉሡም እንደ እኔ ጨው ተጨምሮለት ነው የዋጠው።

ከሆድ ቁርጠት የሚብሰው ግን የዓይን ፍርሃት ነበር። አራስ ቤት እንግዳ ሲበዛ፣ ክርስትና የተነሣ ሕፃን ከቤት ሲወጣ፣ ወይ አንድ ሰው ልጅን ደጋግሞ ሲያደንቅ፣ አያቴ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በትንሽ ጨርቅ ቋጥራ በሕፃኑ አንገት ታስራለች። አንዳንዱ ልጅ ከጎኑ በቆዳ የተሰፋ ክታብም አለው፤ እሱ የደብተራ ሥራ ነው፣ ዋጋም አለው። የአያቴ ቋጠሮ ዋጋ የለውም። ስታስረው «በስመ አብ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። የሉቃስን ወንጌል 11ኛ ምዕራፍ ስታስነብበኝ ደግሞ ፈሪሳውያን አሥራት ያወጡበት ከነበረው አትክልት መካከል ጤና አዳም መኖሩን እየጠቆመች ደስ ይላት ነበር፤ ጓሮዋ በመጽሐፍ ተጠርቷልና።

በሰፈራችን ሸክላ የምትሠራ ሴት ነበረች። ቡናችን የሚፈላበትን ጀበና ያበጀችው እሷ ናት፤ ሆኖም ልጅ ሲታመም ስሟ በሹክሹክታ ይነሣል። ሸክላ ሠሪው፣ አንጥረኛውና ሸማኔው በሠሩት ዕቃ እየኖሩ ባለእጁን ቡዳ ማለት በሀገራችን የቆየ ከባድ በደል ነው። ስለዚህ ተክል በፍቅር እየጻፍኩ ያንን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። አንድ ቀን ይህችው ሴት ልጇን አዝላ ከአጥራችን በር ቆመች። «እትዬ፣ ልጄን ዓይን ነክቶብኝ ነው መሰለኝ፤ ጤና አዳም ቢሰጡኝ» አለች። አያቴ እኔን አልላከችኝም። ራሷ ቀጥፋ፣ ራሷ ቋጥራ፣ በሕፃኑ አንገት አሰረችለት። ከዚያ «ግቢ» አለቻት፤ ከዚያው ጀበና ቡና ጠጡ። አያቴ ቡዳ የሚባል ነገር የለም ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ የሰው ስም ጠርታ እገሊት ናት ስትልም አልሰማሁም። ሰፈሩ የሚፈራት ሴት እኛ የምንፈራውን ያንኑ ነገር ትፈራ እንደነበር የገባኝ በዚያ ቀን ነው።

ለሁሉም ደግሞ አይሰጥም ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ቡና ላይ ከተገኘች በእሷ ሲኒ ቀንበጡ አይገባም። ቅጠሉም ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ይቀጠፋል፤ ቀጥፈን ስንመለስ እጃችንን እንታጠባለን። ምክንያቱን አትነግረንም፣ እኛም አንጠይቅም። ኋላ ግን ሁለቱም በሳይንስ የተጻፉ ሆነው አገኘኋቸው። ተክሉ ማሕፀንን ያነቃቃል፤ በብዛት ከተወሰደ ጽንስ ሊያስወርድ፣ ጉበትና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። በውስጡ ያለው ፉራኖኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ውሃ እስኪቋጥር ያቃጥላል። የጤና አዳም ዘመድ የሆነው ሎሚም ይህ ጠባይ አለው። እኔ አያቴን የማከብርበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ መድኃኒቱን ከማወቋ ይልቅ የት ላይ ማቆም እንዳለባት ማወቋ።

አዲስ አበባ ገብቼ በገበያ በትንንሽ እስር ሲሸጥ ሳየው ግር አለኝ። እኛ ሰፈር ጤና አዳም ይጠየቃል እንጂ አይገዛም፤ የሌለው ሰው በአጥር በኩል ይጣራል፣ ይሰጠዋል። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል እናቶችም በየደጃቸው ተክለውታል፤ እዚያም ከሌላ ሀገር የመጡ አያቶች ሩዳ እያሉ ለዓይን መከላከያ ሲያኖሩት አገኟቸው። ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በሸክላ ማሰሮ ተክለው ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት ያስገቡታል።

እኔም በረንዳዬ ላይ አለኝ። ለጠየቀኝ ሰው የምሰጠው ጠንከር ካለው ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ የታች ቅጠሉን አራግፌ ነው። ውሃ አታብዛበት፣ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ፈልግለት፣ እስኪይዝ ድረስ አትነካካው እለዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለችም በእሷ ሲኒ እንዳይገባ አስጠነቅቀዋለሁ።