ኮድ የማይጽፍም ድርሻ አለው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሻንጣሽ ውስጥ ያስቀመጥኩት አዲስ አበባ ገብተሽ አረፍ ስትዪ እንድታነቢው ነው። ስለ ኪራይ ቤት፣ ስለ ታክሲና ስለ ሰው አያያዝ እናትሽ ደጋግማ ነግራሻለችና እሱን አልመለስበትም። እኔ የምጽፍልሽ ሰሞኑን ስላነሣሽው ጉዳይ ነው። «አባዬ፣ ክፍት ሶፍትዌር ላይ መሳተፍ እፈልግ ነበር፤ ግን ጂኦግራፊ የተማርኩ እንጂ ኮድ የምጽፍ ሰው አይደለሁም» ብለሽኝ ነበር። መልሴ አጭር ነው፦ ኮድ አለመጻፍሽ ከደጅ አያስቀርሽም። የክፍት ሶፍትዌር ሥራዎች አጥብቀው የሚፈልጉት አገሩን የሚያውቅ፣ ያየውን በትክክል የሚጽፍና የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ነው። ይህ ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ክፍት ሶፍትዌር የሚባለው የተሠራበት ኮድ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው በፈቃድ የተለቀቀ ነው። በእጅሽ ያለው አንድሮይድ ስልክ የቆመበትን ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው አንድ የፊንላንድ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠሩበታል። እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት እንደሚዘልቅ የእኛን ቅሬ አይተሽ መረዳት ትችያለሽ። ሰው ሲሞት ሁሉም መቃብር አይቆፍርም። ድንኳን የሚተክል አለ፤ ውሃ የሚቀዳ አለ፤ ለሩቅ ዘመድ መርዶ የሚያደርስ አለ፤ መዝገብ የሚይዝ አለ። መዝገብ ያዡን «አልቆፈርክም» ብሎ ከቅሬው የሚያስወጣው የለም፤ የሚቀጣው የቀረ ሰው ነው። በክፍት ሶፍትዌርም ኮድ ጻፊው አንዱ ባለድርሻ ነው። መመሪያ የሚጽፍ፣ የሚተረጉም፣ ስሕተት መርምሮ የሚያሳውቅ፣ አዲስ መጪን የሚያስተምር፣ ካርታ የሚሞላ ሁሉ ባለድርሻ ነው።

እንደምታውቂው ዕድሜዬ ያለቀው በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ሰይድ የሚባል ታካሚ መጥቶ ካርዱ ሲፈለግ አንዱ ሠራተኛ በእሳቱ «ሰ»፣ ሌላው በንጉሡ «ሠ» ጽፎት ይገኛል። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ፊደሉ ስለተለየ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ታካሚው አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የቀድሞ ሕመሙና የወሰደው መድኃኒት በአሮጌው ላይ ይቀራል። አሕመድና አህመድ፣ ኃይሉና ሀይሉም እንደዚሁ ናቸው። በዚያ ላይ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። ይህን ሁሉ ውጭ አገር የተቀመጠ ኮድ ጻፊ በምን ያውቀዋል? ፊደሉን የሚያውቅና ወረፋውን ያየ ሰው ጽፎ ካልነገረው በቀር አያውቀውም።

ጤና ሚኒስቴር የጤና ሪፖርት የሚሰበስብበትን ዲኤችአይኤስ ቱን ታስታውሻለሽ፤ ሪፖርት ስናስገባበት አይተሻል። እሱም ክፍት ሶፍትዌር ነው። ጅምሩ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ሲሆን አሁን ማዕከሉ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሚጠቀሙበትም በርካታ አገሮች ናቸው። የእኛ የጤና ሪፖርት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አንድ የሪፖርት ወር የሚሄደው ከወሩ 21 ቀን እስከ ተከታዩ ወር 20 ቀን ነው። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ሪፖርት ጳጉሜን ስለሚገባበት 35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም 36 ቀን ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል በሽታ ጨመረ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ዲኤችአይኤስ ቱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። የቀን አቆጣጠራችን አንድ ሶፍትዌር ውስጥ በትክክል ሊገባ የሚችለው ደግሞ አቆጣጠሩን ከነጠባዩ የሚያስረዳ ሰው ሲኖር ነው፤ ለማስረዳት ኮድ ማወቅ አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ስሕተትን በሚገባ መጻፍ ተማሪ የሚል ነው። አንድ መተግበሪያ ጳጉሜን 6 ቀንን አልቀበልም አለሽ እንበል። «አይሠራም፤ አስተካክሉት» ብለሽ ብትልኪ ማንም ሊረዳሽ አይችልም። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «የልደት ቀን በሚሞላበት ቦታ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብዬ አስገባሁ። ይቀበለኛል ብዬ ስጠብቅ ቀኑ የለም የሚል መልእክት መጣ። ጳጉሜን 5ን ግን ይቀበላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበረችበት ዓመት ነው፤ ዕለቱም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው።» የስልክሽን ዓይነትና የመተግበሪያውን ስሪት ጨምሪበት። ያደረግሽውን፣ የጠበቅሽውንና የሆነውን ለይተሽ ስትጽፊ ኮድ ጻፊው እዚያው ተቀምጦ ስሕተቱን ደግሞ ሊያየው ይችላል። ከመላክሽ በፊት ግን ሌላ ሰው ያንኑ ጽፎት እንደሆነ ፈልጊ፤ ተጽፎ ካገኘሽው የጎደለውን እዚያው ላይ ጨምሪ።

አንድ ነገር አደራ። የስክሪን ፎቶ ስትልኪ የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የማንም ስልክ አይታይበት። በሐሰት ስም አዲስ መዝገብ ሠርተሽ እሱን አንሺ። የሰው ሕመም ካርድ ክፍል ውስጥ አማና ነው፤ ሶፍትዌር ለማሻሻል ተብሎ አደባባይ አይወጣም።

ፊደላችን እንዴት ኮምፒዩተር ላይ እንደገባም እወቂ። ድሮ እያንዳንዱ የግእዝ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን የጋራ የቁጥር ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለዚህ መፍትሔ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለሜኤን የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በዚህ መንገድ ከደከሙት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ነው። እዚያ ለመድረስ የትኞቹ ፊደላት እንዳሉ መዘርዘር፣ ቅደም ተከተላቸውን መለየት፣ ለማያነቡት ባለሙያዎች በማስረጃ ማስረዳት የግድ ነበር። ይህ የጽሑፍና የትዕግሥት ሥራ ነው። ዛሬ አንቺ ከአዲስ አበባ በአማርኛ የምትልኪልኝ መልእክት ውርጌሳ ላይ ሳይበላሽ የሚነበበው በዚያ ድካም ነው።

አሁን ወደ አንቺ ሙያ ልምጣ። ኦፕን ስትሪት ማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረ፣ ማንም የሚሞላውና ማንም የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት በየአገሩ የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶ እያዩ የፖርቶፕሪንስን መንገዶች በጥቂት ቀናት ሥለው ለእርዳታ ሠራተኞች አደረሱ። የሳተላይት ፎቶ ግን ጣሪያ እንጂ ውስጡን አያሳይም። በእኛው ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ከላይ የሚታየው ቆርቆሮ ጤና ኬላ ይሁን ትምህርት ቤት ወይም የእህል መጋዘን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። የትኛው መሻገሪያ በበጋ መኪና እንደሚያሳልፍና በክረምት ጎርፍ እንደሚዘጋው፣ የትኛው ምንጭ ዓመቱን ሙሉ እንደማይደርቅ፣ የጎጡ ስም ምን እንደሆነ ሩቅ አገር ሆኖ መገመት አይቻልም። የወሊድ ምጥ የያዛት ሴት ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልዲያ ስትወሰድ ለአምቡላንሱ ሹፌር የሚጠቅመው ይህ ዕውቀት ነው።

ለዚህ ስልክሽ ይበቃሻል። ስትሪትኮምፕሊት የሚባለው መተግበሪያ መንገድ ላይ ቆመሽ «ይህ መንገድ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር?» እያለ ይጠይቅሻል፤ መልስሽም ካርታው ላይ ይገባል። ኦርጋኒክ ማፕስን ደግሞ አንድ ጊዜ ካወረድሽው ኢንተርኔት ሲቋረጥም ያንኑ ካርታ ያሳይሻል። ለበዓል ስትመጪ ከውጫሌ እስከ መርሳ ያለውን መንገድና ግራ ቀኙን ቀበሌ ጀምሪልኝ። የቦታ ስም ስትጽፊ ነዋሪው እንደሚጠራው በአማርኛ ጻፊ፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ ስለሚለያይ የተለያዩትን አጻጻፎች ለየብቻ በተዘጋጀላቸው ቦታ አስገቢ። ከጉግል ካርታ አትቅጂ፤ ፈቃዱ አይፈቅድም፤ የተቀዳ ሲገኝም ይሰረዛል። ያላየሽውንና ከሚያውቅ ሰው ያላረጋገጥሽውን አትሙዪ። የተሳሳተ ካርታ ካልተሞላ ይብሳል፤ ባዶውን ያየ ሰው ይጠይቃል፣ የተሳሳተውን ያየ ግን አምኖ ይሄዳል።

ትርጉምም አለ። ሊብሬኦፊስ ደብዳቤና የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚሠራበት ነጻ ፕሮግራም ነው፤ በአማርኛም ይሠራል። እንዲህ ያሉ ትርጉሞች በየስሪቱ አዲስ ቃል ስለሚመጣባቸው ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋሉ። ስትተረጉሚ ቢሮ ውስጥ ሰዉ የሚናገረውን አማርኛ ተጠቀሚ። ማሽን የተረጎመውን ሳታነቢ አታስገቢ። ቀድሞ የሠራውን ሰው ቃል አክብሪ፤ መለወጥ ካለበት ምክንያትሽን አስረጂ። በአማርኛ ውክፔዲያ ያለው መጣጥፍ 15 ሺህ ገደማ ነው፤ የእንግሊዝኛው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ስለ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በማስረጃ የተደገፈ አንድ ጥሩ መጣጥፍ ብትጽፊ አሥር ችኩል ጽሑፍ ከመደርደር ይበልጣል። ሲደክምሽ ደግሞ የሰው ድምፅ በሚሰበስበው በሞዚላ ኮመን ቮይስ ላይ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ማሽኖች የወሎንም አነጋገር እንዲሰሙ።

ስለ ገንዘብ እውነቱን ልንገርሽ። አብዛኛው ይህ ሥራ አይከፈልበትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የእንጀራሽን ሥራ ያዢ፤ ለዚህ ከሳምንቱ የተወሰነ ሰዓት ብቻ መድቢ። ሆኖም በሩ ዝግ አይደለም። አውትሪቺ የሚባለው መርሐ ግብር ለሦስት ወር ሥራ 7,000 ዶላር ይከፍላል፤ ከኮድ በተጨማሪ የመመሪያ ጽሑፍና የንድፍ ሥራም ይቀበላል። ማመልከቻ ላይ የሚረዳሽም ከዚህ ቀደም የሠራሽውና ማንም ከፍቶ ሊያየው የሚችለው ሥራ ነው። ስለዚህ የሠራሽውን ሁሉ በአንድ ስምሽ ሥሪ፤ ማስረጃሽ ይሆናል።

በመጨረሻ የሰው ነገር። ወደ አዲስ ፕሮጀክት ስትገቢ መጀመሪያ ደንባቸውን አንብቢ፤ ከመናገርሽ በፊት አድምጪ። ሥራሽን ቢያርሙት አትቀየሚ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቂና አስተካክለሽ መልሺ። የሚያዋርድሽ ካለ ግን አትታገሺ፤ ብዙዎቹ የሥነ ምግባር ደንብና አቤቱታ የሚቀበል ሰው አላቸው፤ እዚያ አመልክቺ። «እሠራዋለሁ» ብለሽ የያዝሽውን መጨረስ ካቃተሽ ዝም ብለሽ አትጥፊ፤ «አልቻልኩም፤ ሌላ ሰው ይውሰደው» በዪ። አንቺ ያወቅሽውን ደግሞ ከኋላሽ ለሚመጣው ልጅ በአማርኛ ጽፈሽ አስቀምጪለት።

አሥር ቦታ አትጀምሪ። አንዱን ምረጪ፤ እኔን ብትጠይቂኝ ካርታውን እልሻለሁ፤ ሙያሽም አገርሽም ነውና። ሥራ ይዘሽ በተረጋጋሽ ሳምንት የስትሪትኮምፕሊትን የመጀመሪያ ጥያቄ መልሺና ደውለሽ ንገሪኝ። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ እጅሽ የነካውን ሁሉ በረካ ያድርግልሽ።

አባትሽ
ከውርጌሳ