ዘር ቆጥሮ የሚያፈራው የቤርሳቤህ ቁልቋል

በምድረ እስራኤል በስተ ደቡብ፣ ነጌብ በሚባለው ደረቅ አገር መግቢያ፣ ቤርሳቤህ የምትባል ከተማ አለች። አብርሃም የውሃ ጕድጓድ ያስቆፈረባት፣ ዛፍም የተከለባት ቦታ መሆኗን ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ከ200,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ታላቅ ከተማ ናት፤ በዓመት የምታገኘው ዝናም ግን 200 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ከተጓዙት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ኑሯቸውን በዚህችው ከተማ ስለ መሠረቱ፣ በመንገዷ ላይ አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛም በከተማይቱ በተዘዋወርን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ዐይናችንን የሳበው በየአጥሩ ሥር እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ የቆመው ተክል ነው። ከሩቅ ለሚያየው የአገራችንን ቁልቋል ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚመረምረው ግን ሌላ ነው። የእኛ ቁልቋል ሲቈረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ወተቱም ዐይንን ክፉኛ ይጎዳል። ይህኛው ግን ወተት የለውም። ትውልድ አገሩም ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የሥጋ ዘመዱ በለስ የምንለው የባሕር ቁልቋል ነው። ሊቃውንት ሴሬውስ ይሉታል፤ ፍሬው ግን በእስራኤል ኩቦ ተብሎ ይጠራል። ፍሬው እሾህ የለውም፤ ልጡ ቢጫ ወይም ቀይ፣ ውስጡም ነጭና ጣፋጭ ሆኖ ጥቃቅን ጥቍር ፍሬዎች የተበተኑበት ነው።

ይህ ተክል ከአጥር ጌጥነት አልፎ የእርሻ ሀብት ለመሆን የበቃው በዕውቀት ነው። በከተማይቱ በሚገኘው በቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዮሴፍ ምዝራሒና ባልደረቦቻቸው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ፣ በጥቂት ውሃ የሚያፈራ ተክል ሲፈልጉ ይህንኑ መረመሩ። ያገኙትም ምስጢር ለእኛ አገር ሰው እጅግ የቀረበ ነው፤ ይኸውም ተክሉ ዘር ቈጣሪ መሆኑ ነው። አንዱ ግንድ በገዛ አበባው ዱቄት አይፀንስም፤ የሌላ ዘር ዱቄት ይፈልጋል።

በአንድ ሰፈር ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ያጫወቱንን እዚህ ላይ ብንናገር ይጠቅማል። ቤቱን በተረከቡበት ዓመት ጎረቤት የሰጣቸውን ቁራጭ ከሟች ባለቤታቸው ጋራ ተከሉት። ቁልቋሉ ከጣራው በላይ ሆነ፤ በየዓመቱም ያብባል፤ ነገር ግን አንዲት ፍሬ አላሳየም። ልጆቻቸው ግቢው ጠባብ ስለ ሆነ «ይቈረጥና ክፍል እንሥራበት» እያሉ ያስቸግሯቸው ጀመር፤ ለእርሳቸው ግን የባለቤታቸው እጅ ያረፈበት ነውና አልቻለላቸውም። አንድ የእርሻ ትምህርት የተማረ የሰፈሩ ወጣት መጥቶ አየና፣ «እማማ፣ ይህ መካን አይደለም፤ ባዳ የሚሻ ነው እንጂ» አላቸው። የመንገዱ ቁልቋሎች ሁሉ ከአንድ ግንድ የተቈረጡ፣ እንደ አንድ አካል የሚቈጠሩ ነበሩና። እርሳቸውም፣ «እንደኛው ሰባት ቤት ይቈጥራል በለኛ!» ብለው ሣቁ። ወጣቱ ከሌላ ሰፈር ከተገኘ የባዳ አበባ ዱቄት አምጥቶ በሌሊት ቀባላቸው፤ በዚያው በጋ ፍሬ ለቀሙ፤ ስለ መቍረጥም ከዚያ ወዲያ የተነሣ ነገር የለም።

በቤቱ ሊተክለው ለሚወድ ሁሉ የሚጠቅመው ምክር ይህ ነው። ቢቻል ከተለያየ ዘር የበቀሉ ሁለት ተክሎች ይፈለጉ። በቁራጭ የሚተክል ሰው ቍስሉ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በጥላ ያቈየው፤ ከዚያም ውሃ በማይቋጥር አፈር ይትከለው፤ ሥሩ በረግረግ ይበሰብሳልና። ፀሐይ በሚገባ ይምታው፤ በቤት ውስጥ በጨለማ ጥግ የቆመ አያብብም። በሙቀት ወራት አፈሩ በደረቀ ቍጥር ይጠጣ፤ በብርድ ወራት ውሃው ይቀነስለት፤ ከውርጭም ይጠበቅ። ማዳበሪያ ሲበዛበት ግንዱ ይረዝማል እንጂ አበባ አይጨምርም።

አበባው ነጭና ትልቅ ነው፤ ዕድሜው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ማታ ይከፈታል፤ ጧት ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልጋል። በትውልድ አገሩ የሌሊት ወፍና የሌሊት ቢራቢሮ ያገለግሉታል፤ በእስራኤል ግን ንብ ማለዳ ሳይዘጋ ትደርስለታለች። ንብ በሌለበት ሰው ራሱ በለስላሳ ብሩሽ ከአንደኛው ዘር ዱቄት ወስዶ በሁለተኛው አበባ መካከል ባለው ባለ ብዙ ጣት ጫፍ ላይ ይቅባ። የፀነሰው እንቡጥ አረንጓዴ ሆኖ ያብጣል፤ ያልፀነሰው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ልጡ መልኩን ሲለውጥ ሳይሰነጠቅ ይለቀም።

እንግዲህ አብቦ ለሚረግፍ ተክል መጥረቢያ ከማንሣት በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባል። የጐደለው ውሃ ወይም አፈር ላይሆን ይችላል፤ የጐደለው ጎረቤት ሊሆን ይችላልና።